የድረ ገጽ አድራሻ መንገዱን እንዴት ያገኛል? ታሪኩ ከካርቱም ሲታይ

አገር ቤት ደብዳቤ የላከ ሰው ያውቀዋል፤ የኢትዮጵያ ፖስታ በአብዛኛው ቤት ድረስ አይመጣም፣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ሣጥን ቢኖረው የርዕሰ መምህሩም፣ የመምህራኑም፣ የተማሪዎቹም ደብዳቤ እዚያው ይገባል። ከዚያ በኋላ መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ስሙን እያየ ለየባለቤቱ ያድላል። የድረ ገጽ አድራሻም እንደዚሁ ሁለት ክፍል አለው። እስከ መጀመሪያው እዝባር ድረስ ያለው የሣጥኑ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል፤ ከእዝባሩ በኋላ ያለው ደግሞ የውስጥ ጉዳይ ነው። ይህ የውስጥ እደላ ነው እንግዲህ በኮምፒውተር ሰዎች ቋንቋ ራውቲንግ የሚባለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ መዝገብ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ፣ ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ድርን ሲጀምር፣ በ1990ና በ1991 አካባቢ፣ አድራሻው በኮምፒውተሩ ውስጥ ፋይሉ የተቀመጠበት ቦታ ነበር። ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ካዛወሩት አድራሻው ይሞታል፤ ጎብኚው ያቺን 404 የምትል ቁጥር ያያታል። ሰውየው ራሱ በ1998 አድራሻ መለዋወጥ እንደማይገባው የሚሞግት ጽሑፍ ጽፏል። የገጹን አድራሻ ስታወጡ ከሃያ ዓመት በኋላም እንደሚሠራ አድርጋችሁ አውጡት ነው ነገሩ።

መፍትሔው ከዚያ በፊት ተጀምሯል። በ1996 ራልፍ ኤንግልሻል የተባለ ጀርመናዊ አፓቺ ለተባለው ሰርቨር ሞድ ሪራይት የሚባል ተጨማሪ ሶፍትዌር ሠራ። ጎብኚው የጠየቀውን አድራሻ ተቀብሎ በሕግ ወደ ሌላ ፋይል ይተረጉመዋል። አድራሻና ፋይል ተለያዩ ማለት ነው። በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀው ጃንጎ፣ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በሎውረንስ ከተማ ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ የተወለደው፣ አድራሻዎቹን በሙሉ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጣል። ዝርዝሩ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው ሥራውን ይወስዳል፣ ከሱ በታች ያለውን የሚያየው የለም። ለምሳሌ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ሠርታችሁ «ውጤት» እና «መምህራን» የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢኖሯችሁና «ሌላው ሁሉ ወደ መግቢያ ገጽ» የሚለውን ሦስተኛ መስመር ከላይ ብታስቀምጡት፣ ተማሪው ውጤቱን በጠየቀ ቁጥር መግቢያው ገጽ ብቻ ይመጣለታል። ጥፋቱ ስህተት የሚል መልእክት እንኳ ስለማያወጣ ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማል። ሰብሳቢው መስመር መጨረሻ ላይ ይቀመጥ።

ጉግል በአፕሪል 2008 አፕ ኤንጂንን ሲያወጣ ይኸው ዝርዝር ወደ ክላውድ ተሻገረ። ማሽን መግዛት ቀረ። ኮዱንና አንድ አጭር የማዋቀሪያ ፋይል ትሰጣለህ፤ ፋይሉ ውስጥ የትኛው አድራሻ ወደ የትኛው ኮድ፣ የትኛውስ ወደ ሥዕልና ወደ መሳሰሉት ፋይሎች እንደሚሄድ ትጽፋለህ። እዚህም ከላይ ወደ ታች ነው፣ መጀመሪያ የገጠመው ያሸንፋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካርቱም የት ነበረች? ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ የፈረሙት በኖቬምበር 3 ቀን 1997 ነው። የሱዳን የራሷ መጨረሻ፣ ነጥብ ኤስዲ፣ የተሰጠውም በዚያው ዓመት ነው። ማዕቀቡ ስለ ዘይትና ስለ ባንክ ይመስለን ነበር እንጂ እስከ ኮምፒውተር ክፍል ይደርሳል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። በጃንዋሪ 2010 ነፃ ሶፍትዌር የሚገኝበት ሶርስፎርጅ ከሱዳን፣ ከኢራን፣ ከኩባ፣ ከሶርያና ከሰሜን ኮሪያ የሚመጣውን ሰው መከልከል ጀመረ። በማርች 2010 አሜሪካ ለግል መልእክት መለዋወጫ የሚሆኑ ነፃ አገልግሎቶችን ብትፈቅድም፣ ለንግድ የሚሆን የድረ ገጽ ማስቀመጫና የዶሜን ምዝገባ ከፈቃዱ ውጪ ተደረጉ። ልብ በሉ፤ ከአድራሻው የተከለከለው ራሱ ሣጥኑ ነው። ያኔ ካርቱም ተቀምጦ በኢሜይል መጻጻፍ ይቻል ነበር፣ የራስን ስም በአሜሪካ ኩባንያ ማስመዝገብ ግን አይቻልም ነበር። በዚያ ላይ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ አይሠራም ነበር። ዘመድ ያለው ከዱባይ ወይም ከለንደን ያስገዛ ነበር፤ ታዲያ ስሙ በዘመዱ ስም ስለሚመዘገብ ዘመድየው ማሳደሱን የረሳ ዕለት ሁሉም ነገር ይጠፋ ነበር። በጃንዋሪ 2014 ኮርሴራም ለሱዳን ተማሪዎች ኮርሶቹን ዘጋ። ለእኛ ለስደተኞቹ ደግሞ አገር ቤት ያልተከለከልነውን ነገር እዚህ መከልከላችን ነበር የሚገርመን፤ ኢንተርኔቱ የሚያየው ፓስፖርትህን ሳይሆን የተቀመጥክበትን ቦታ ነውና። ማዕቀቡ በ2015 ላላ፣ በኦክቶበር 2017 አብዛኛው ተነሣ።

ከዚያ በአፕሪል 2023 ጦርነቱ መጣ። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ ዋና ዋናዎቹ የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያዎች አገልግሎት በአገሪቱ በሙሉ ለማለት ይቻላል ተቋረጠ፤ ዋና ማዕከሎቻቸው ካርቱም ነበሩ። ማሽኑን በቢሮው ያስቀመጠ ድርጅት ገጹም መዝገቡም አብረው ጠፉበት። ፋይሉን ውጭ ያስቀመጠና በራሱ ዶሜን ይጠቀም የነበረ ግን፣ ስሙን ወደ አዲሱ ማሽን አዙሮ በቀድሞው አድራሻ መቀጠል ይችላል። የትምህርት ማስረጃው ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ታትሞበት ለተሰደደ ተማሪ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማስረጃውን ካይሮ ወይም ካምፓላ ላይ የሚያጣራው ሰው የሚከፍተው ያቺኑ አድራሻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራማችሁን ስትቀይሩ የድሮውን መስመር ከዝርዝሩ አትሰርዙት። 301 በተባለው ቋሚ ማዛወሪያ ወደ አዲሱ ምሩት፤ 302 የሚባለው ለጊዜያዊ ብቻ ነው።

ተማሪዎች በፊደላችን አድራሻ መጻፍ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ይቻላል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ መግቢያ «ዋናው ገጽ» ይባላል፣ አድራሻውም እንደዚያው ነው። ግን አድራሻው ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ተቆጥሮ ወደ ዘጠኝ የላቲን ምልክት ይለወጣል፤ አምስቱ ፊደላት ብቻቸውን አርባ አምስት ምልክት ይሆናሉ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ለሚታተም፣ ሰው በእጁ ለሚጽፈው አድራሻ አጭር የላቲን ቃል ይሻላል። የፊደሉን አድራሻ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ሁለተኛ መስመር አድርጋችሁ ወደዚያው ገጽ ምሩት።