የማራካና ስታዲዮምና ተመልካቹ

በሪዮ ዴ ዣኔይሮ የሚገኘው የማራካና ስታዲዮም በእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ስሙ ገናና ነው። ነገር ግን ስለ እርሱ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በሜዳው ላይ ስለተደረገው ጨዋታ ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በሜዳው ዙሪያ ስለተሰበሰበው ሕዝብ ነው፤ ይኸውም ስታዲዮሙ ለማን ተሠራ? በኋላስ የማን ሆነ? የሚለውን ጥያቄ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ብራዚል የ1950ን የዓለም ዋንጫ ውድድር ለማዘጋጀት በተመረጠች ጊዜ፣ ያን ጊዜ ዋና ከተማ በነበረችው በሪዮ ታላቅ ክርክር ተነሣ። የከተማው ምክር ቤት አባል የነበረው ካርሎስ ላሰርዳ የወጪውን ብዛትና የተመረጠውን ቦታ በመቃወም፣ ስታዲዮሙ ከመካከለኛው ከተማ ርቆ በዣካሬፓጓ እንዲሠራ ጠየቀ። ጋዜጠኛው ማሪዮ ፊልዮ በበኩሉ ሥራው በማራካና ሠፈር፣ በቀድሞው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ እንዲሆን በጋዜጣው አጥብቆ ተከራከረ። ከንቲባው አንጄሎ ሜንዴስ ዴ ሞራይስም ይህንኑ አሳብ ደገፈ። ክርክሩ ስለ መሬት ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ሠራተኛ ሕዝብ በቀላሉ ሊደርስበት በሚችል ስፍራ ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ጥያቄም ነበረበት።

ሥራው ነሐሴ 2 ቀን 1948 ተጀመረ፤ ሰኔ 16 ቀን 1950 ስታዲዮሙ ተመረቀ። ይሁን እንጂ ሕንጻው ፈጽሞ የተጠናቀቀው በ1965 ነው። ከመቀመጫዎቹ በታች፣ ከሜዳው አጠገብ፣ «ዤራል» የሚባል የቁም መመልከቻ ተዘጋጀ። ከዚያ የሚቆመው ሰው ዝቅ ካለ ስፍራ ስለሚመለከት ሜዳውን አጥርቶ ለማየት ይቸገር ነበር፤ ዋጋው ግን እጅግ ርካሽ ስለነበረ ድኻው ከሀብታሙ ጋር በአንድ ስታዲዮም ሊገኝ ቻለ።

ሐምሌ 16 ቀን 1950 ብራዚል ከኡሩጓይ ጋር ስትጋጠም ከፍለው የገቡት 173,850 ነበሩ፤ ጠቅላላው ቁጥር ወደ 200,000 እንደሚጠጋ ይገመታል። ለብራዚል እኩል መውጣት ይበቃት ነበር። ፍሪያሳ በመጀመሪያ ግብ አገባ፤ በኋላ ግን ስኪያፊኖ አቻ አደረገ፤ ጊጂያም ሁለተኛውን አግብቶ ኡሩጓይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ከሽንፈቱ በኋላ ወቀሳው በተለይ በበረኛው በባርቦዛና በተከላካዮቹ በቢጎዴና በዡቬናል ላይ ወደቀ። ሦስቱም ጥቁሮች መሆናቸውን ብዙ ጸሐፊዎች አስተውለዋል። ባርቦዛ በ2000 እስኪሞት ድረስ ይህ ወቀሳ አልለቀቀውም። ስለዚህ ሕዝብን ሁሉ በአንድነት የሰበሰበው ስታዲዮም፣ ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ሲፈለግ ግን ሁሉን እኩል አላየም ማለት ይቻላል።

ማሪዮ ፊልዮ በ1966 ሲሞት ስታዲዮሙ በይፋ በስሙ ተጠራ። ሕንጻው ግን እያረጀ ሄደ። ሐምሌ 19 ቀን 1992፣ ፍላሜንጎና ቦታፎጎ ሲጫወቱ፣ በላይኛው መደብ የነበረው አጥር ተሰብሮ ሰዎች ወደ ታች ወደቁ፤ ሦስት ሰዎችም ሞቱ። ከዚህ በኋላ ሕዝብ በብዛት ታጭቆ የሚቆምበት አሠራር ሊቀጥል እንደማይችል ግልጽ ሆነ። ዤራል በ2005 ተዘጋ። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ሲባልም ከ2010 እስከ 2013 ከ1 ቢሊዮን ሬያል በላይ ወጥቶ ውስጡ እንደገና ተሠራ። የውጭው ቅርጽ ቢቀርም፣ የሚይዘው ሰው ወደ 78,000 ዝቅ አለ።

እንግዲህ በሁለት በኩል መፍረድ ያስፈልጋል። መቀመጫ መዘጋጀቱና የተመልካቹ ደኅንነት መጠበቁ የሚነቀፍ አይደለም፤ በ1992 የሞቱት ሰዎች ለዚህ በቂ ምስክር ናቸው። ነገር ግን ደኅንነትና ርካሽ ዋጋ የግድ የሚጻረሩ አይደሉም። ዤራል ሲፈርስ የፈረሰው አደገኛው ስፍራ ብቻ ሳይሆን፣ ጥቂት ሳንቲም የያዘ ሰው የሚገባበት በርም ነው። ከማራካና ታሪክ የምንረዳው፣ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ሕንጻ የሕዝብ ሆኖ የሚኖረው በስሙ ሳይሆን በመግቢያው ዋጋ መሆኑን ነው። በ1940ዎቹ የተነሣው ክርክርም መልስ ያገኘ ቢመስልም፣ ዛሬ በቲኬት መሸጫው መስኮት ፊት እንደገና ይነሣል።