አልነጋም

እንግዲህ ስሙኝ። የምነግራችሁ አንድ ንጉሥ በገዛ ግዛቱ፣ ሕዝቡ እያየ፣ በእሳት ተቃጥሎ ስለሞተበት ቀን ነው። ቀኑ ነሐሴ 3 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ፍልሰታን ከያዝን ገና ሦስተኛ ቀናችን። ሙሾ አልወጣለትም፤ ተዝካርም አልተበላለት። ጥቂት ቆይቶ ተነሣና ሥራውን ቀጠለ። ከ11 ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ሰውዬ በሩሲያ መንኮራኩር ጠፈር ደርሶ ተመለሰ።

ውሸታም ብትሉኝ አልቀየምም። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ላስታ መጥቶ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ካየ በኋላ፣ ቢጽፍ የሚያምነው እንደሌለ ስለገባው፣ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ ነው የዘጋው። እኔም እዚያው ላስታ ውስጥ ነው ታሪኩን ያወራሁት፤ ያመነኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቦታው ገነተ ማርያም፣ እህቴ ቤት። ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ የሄደ ያውቃታል። የማርያም ማግስት ነው። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ከማኅበሩ የተረፈ ጠላ አለ፤ እህቴ ቆሎ ታምሳለች፤ የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የእህቴ ልጅ ግን አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ስክሪኑ የሸረሪት ድር የመሰለ ስልኩን ይዞ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ከፍ ያደርገዋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አልሁት።

«ጥሪ እየጠበቅሁ ነው ጋሼ።»

«የሰርግ?»

«ኧረ የቤታ ጥሪ ነው።»

የኔታ ቀና አሉ። «የቤቷ? የማን ልጅ ናት ልጅቱ?»

እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ቆሎው ሊያርርባት ነበር። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ ነኝ ገብቼ ያወጣሁት። «የኔታ፣ ልጅት የለችበትም። ገና ያልወጣ የኢንተርኔት ጨዋታ ነው። አገር አለው፣ ተራራ አለው፣ ገበያ አለው፤ አጥር የለውም፤ የገባ ሰው ወዳሻው ይሄዳል። ታዲያ ሠሪዎቹ ለሁሉም ከመክፈታቸው በፊት ጥቂት ሰው መርጠው ያስገባሉ። የተመረጠው እየተጫወተ የጎደለውን ይነግራቸዋል። ለሌላው በሩ ዝግ ነው። ዝግ ቤታ ይሉታል።»

«ቤታስ ምንድን ነው?»

«የጽርዕ ፊደል ነው። አልፋና ኦሜጋን መቼም እርስዎ ያውቋቸዋል። ሠሪዎቹ ለብቻቸው የሚሞክሩት አልፋ ይባላል፣ እንግዳ የሚገባበት ቤታ።» ኦሜጋው የት አለ ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ ይህ ሥራ ኦሜጋ ላይ ደርሶ አያውቅም።

የኔታ ግን ሌላ ነገር ያዛቸው። አበገደን በልጅነታቸው የቆጠሩ ሰው ናቸውና በጣታቸው መደቡን እየመቱ፣ «አልፍ፣ ቤት፣ ገምል... ያው የእኛው ቤት ነዋ!» አሉ። ልክ ናቸው። የግሪኩ ቤታ የመጣው ከፊንቄው ቤት ነው፤ ትርጉሙም ያው ቤት ነው። ገና በመጀመሪያው ስህተታቸው ግማሽ መንገድ ሄደው ነበር።

«እንግዲያ» አሉ፣ «እንደ ኩኩሉ ነው። አልነጋም እየተባልህ ውጭ ትቆማለህ።»

«ኩኩሉማ ስልኬ ላይ ነበረኝ» አለ ልጁ። እሱ የሚለው አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራውን፣ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ ጨዋታ ነው። የኔታ የሚሉት ዓይን ሸፍኖ መደበቁን። ሁለቱ ለትንሽ ጊዜ ስለሁለት ኩኩሉ ተከራከሩ፤ ተውኳቸው። ከዚያ ንጉሡን አነሣሁ።

ሰውዬው ሪቻርድ ጋሪዮት ይባላል። አባቱ የናሳ ጠፈርተኛ ነበር። ልጁ የተወለደው እንግሊዝ አገር ስለሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ካምፕ ሲገባ ሰላምታው ለየት ያለባቸው ልጆች «እንግሊዙ» ብለው ቅጽል አወጡለት። እሱም ቅጽሉን ወደዳትና በሠራቸው ጨዋታዎች ራሱን «ሎርድ ብሪቲሽ» ብሎ አነገሠ። ጨዋታዎቹ ኡልቲማ ይባላሉ፤ የመጀመሪያው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 ወጣ። ለዓመታት ተጫዋቹ ብቻውን፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር የሚጫወተው። በኋላ ቴክሳስ ኦስቲን የነበረው ኩባንያው ኦሪጂን፣ ሺዎች በስልክ መስመር ገብተው በአንድ ጊዜ የሚኖሩበትን አገር ሠራ። ኡልቲማ ኦንላይን።

የኩባንያው ነጋዴዎች ብዙ ተስፋ አልነበራቸውም፤ ጨዋታው በዕድሜው ሙሉ 30,000 ሰው ቢያገኝ ነው ብለው ነበር። ሙከራው ሲታወጅ ግን፣ መግባት የፈለገ ለሲዲው 5 ዶላር ይክፈል ተባለና 50,000 ሰው ተመዘገበ።

«ላልተመረቀ ቤት ከፈሉ?» አሉ የኔታ።

ከፈሉ። የገቡትም ሰዎች የሠሩትን ልንገራችሁ፣ ከንጉሡ ሞት ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ እሱ ነው። ራፍ ኮስተር የሚባለው ዋና ንድፍ አውጪና ባልደረቦቹ በዚያ አገር እውነተኛ የሚመስል ዱር ሠርተው ነበር። በጉ ሣር ይበላል። ተኩላው በጉን ይበላል። በግ ካነሰ ተኩላው ይርበዋል፣ ሲርበው ወደ ሰው መንደር ይጠጋል። ይህን እህቴና ልጇ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከራሳቸው በላይ አቡነ ዮሴፍ አለ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፣ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ያለበት። ልጁ ራሱ በግ ጠብቆ ነው ያደገው። ሠሪዎቹ ተጫዋቹ ይህን አይቶ ይደነቃል ብለው ጠበቁ። በሩ ሲከፈት ሰዉ እንደ አንበጣ ገባና በጉንም፣ ተኩላውንም፣ ጥንቸሉንም፣ የሚንቀሳቀስ ያለውን ሁሉ ፈጀ። ግማሹ ለቆዳው፣ ግማሹ ክንዱን ሊያፍታታ። አዲስ እንስሳ ከሚወለድበት ፍጥነት የሚገደልበት በለጠ። ያን ያህል የተደከመበትን ሥርዓት ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ በመጨረሻ አውጥተው ጣሉት።

እህቴ ምጣዱን ከእሳቱ አወረደች። «ለዘር የሚቀመጥ አያውቁም ማለት ነው» አለች።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። ሙከራው ወደ ማለቁ ነው። ሰርቨሩ ምን ያህል ሰው እንደሚችል ለማወቅ ሁሉም በአንዴ ይግባ ተባለ። ሎርድ ብሪቲሽም ሕዝቡን ሊያመሰግን ጉብኝት ወጣ፤ አብሮት ሎርድ ብላክቶርን የሚባለው መስፍን አለ፣ እሱም የኩባንያው ሰው ስታር ሎንግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። የጥንት ነገሥታታችን መጋረጃ ነበራቸው። አልቫሬዝ ራሱ አፄ ልብነ ድንግልን ለማየት ስንት መጋረጃ እንዳስጠበቀው ጽፏል። ንጉሥ በቀላሉ አይታይም፤ ካልታየ አይነካም። ሎርድ ብሪቲሽም መጋረጃ ነበረው፤ ጨርቅ ግን አይደለም፤ እንዳይሞት የምታደርገው አንዲት ምልክት ናት። ምልክቷ ካለች እሳትም ሰይፍም አይነካውም። የዚያን ዕለት ሰርቨሩ ከሰው ብዛት ወደቀ። አስነሡት። ንጉሡም ተመልሶ ገባ፤ ምልክቷን ማድረግ ግን ረሳ። ያለ መጋረጃ ወጣ።

ከሕዝቡ መሀል ሬይንዝ የሚባል ሌባ አለ። ሌባ ስላችሁ ስድብ አይደለም፤ በጨዋታው ውስጥ ሙያው ነው። ከሌላ ተጫዋች ከረጢት አንድ ጥቅልል ሰርቋል፣ ሲያነቡት እሳት የሚያነጥፍ።

«ክታብ!» አሉ የኔታ፤ ወዲያውም፣ «እሱ የደብተራ ሥራ ነው፣ እኔ የለሁበትም» ብለው ጋቢያቸውን አጠበቁ።

ንጉሡ በብላክቶርን ግንብ ቆሞ ሲናገር ሬይንዝ ክታቡን አነበበ። እሳቱ ከንጉሡ እግር ሥር ተነጠፈ። ንጉሡም እንደማይሞት ሰው ተዝናንቶ እሳቱ ውስጥ ቆመ። እና ሞተ። እንዲያው በቃ፣ እንደማንኛውም ባላገር ዘፍ አለ። ግንቡ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ደነዘዘ። ከዚያ የኩባንያው ሰዎች አጋንንት ለቀቁበት፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳይለይ፣ ንጉሡን ሊያይ የመጣ ምስኪን ሁሉ አብሮ ታረደ።

«ገዳዩስ ተቀጣ?»

ተቀጣ። አካውንቱ ተዘጋ። ተጫዋቾች ንጉሥ በመግደሉ ነው ብለው ተቆጡ። ኩባንያው ደግሞ አይደለም አለ፤ ቀድሞም ስህተት ሲያገኝ ከመንገር ይልቅ ለራሱ ሲጠቀምበት ስለነበረ ነው አለ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሰው ስህተት ፈልጉ ብለው ጠርተው፣ ትልቁን ስህተት ያገኘላቸው እሱ አልነበረም ወይ? ከግዛቱ ሁሉ ቀዳዳው የነበረው ንጉሡ ዘንድ ነው። ሬይንዝን ባባርረውም መጀመሪያ በግ አርድለት ነበር፣ በግ ከተገኘ።

የኔታ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ዓይናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ነው፤ በጨለማው ግን አይታይም። ገነተ ማርያም ከአንድ ቀይ አለት የወጣ ነው፤ ዙሪያውን ዓምድ ከብቦት ቆሟል። ያሠራው በ1262 ዓ.ም. የነገሠው አፄ ይኩኖ አምላክ ነው፤ ሥዕሉም ከነጽሑፉ ውስጥ ግድግዳው ላይ አለ።

«እዚህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሙከራ የለም። ጣራው ነው መጀመሪያ የሚወጣው፣ ከላይ ወደ ታች። በሩ ጋ የሚደረሰው በኋላ ነው። መሮው ዓምዱን አንድ ጊዜ ከሸረፈው ሸረፈው። ማን ይመልሰዋል? እንግዳ አስገብተህ ይህቺን ወዲያ አድርጓት የሚልህ የለም።»

እኔም ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን ጨዋታ ነገርኋቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ ኢትዮጵያ ምኒልክን ይዛ ገብታበታለች፤ ውቅር ቤተ ክርስቲያንም ይሠራበታል። ኮረብታ ላይ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ካልሆነ አይተከልም፤ አጠገቡ ተራራና ኮረብታ ሲበዛ እምነት ይጨምራል። አለቱን አውቀውታል ማለት ነው። የሚሠራው ግን ባንድ ጊዜ ጠቅ በማድረግ ነው።

«ባንድ ጊዜ?» አሉ የኔታ።

«ባንድ ጊዜ።»

«ትከሻ የላቸውም እንዴ?»

ልጁ ያን ጊዜ ነው ከበሩ የተመለሰው። «ጋሼ፣ ሙከራው ሲያልቅስ? የሠሩት ቤት፣ ያገኙት ገንዘብ?»

ተሰረዘ፣ አልሁት። መስከረም 14 ቀን 1990፣ መስቀል 3 ቀን ሲቀረው፣ ጨዋታው ለሁሉም ተከፈተ፤ በግማሽ ዓመት ውስጥ 100,000 ከፋይ አገኘ፤ እስከ ዛሬም አልተዘጋም። በሙከራው የኖሩት ግን እንደማንኛውም እንግዳ ባዶ እጃቸውን እንደገና ገቡ። ሰፈር የመሠረተው፣ አንጥረኛ የሆነው፣ የሰረቀውም የተሰረቀውም እኩል።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንተም ብትገባ እንደዚያው ነው። ቤት ትሠራለህ፣ ከዚያ ያፈርሱታል።»

ጥቂት አሰበ። ይተወው ይሆን ብዬ ነበር፤ የልጅን ነገር ረስቼ። «እዚያ ላይ ኔትወርክ አለ» አለና ጃኬቱን ከማገሩ አንሥቶ ወጣ። ከቤቱ ኋላ ያለውን አቀበት ሲይዝ የስልኩ ብርሃን አንዴ ከድንጋይ ሥር፣ አንዴ ከቅንጭብ ኋላ ብልጭ ይላል። እናቱ ጅብ እንዳለ ጮኻ አስታወሰችው። ብርሃኑ ቆመ፤ ከፍ አለ፤ ክንዱን ዘርግቶ ይሆናል።

የኔታ ሳቃቸውን አፍነው በሩ ጋ ተጠጉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ መለከት አድርገው፣ በዚያ በቅዳሴ ድምፃቸው፣

«ኩኩሉ!»

ከላይ፣ ከጨለማው፣ «አልነጋም፣ የኔታ!»