ሳንግክላቡሪ፦ ወንዝ የሠራት፣ ውሃ የዋጣት ከተማ

በምዕራብ ታይላንድ፣ በካንቻናቡሪ ክፍለ ሀገር ጫፍ፣ ከበርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ጋር በሚዋሰነው ደን የለበሰ ተራራማ ምድር ላይ የሳንግክላቡሪ ወረዳ ይገኛል። ሶንግካሊያ፣ ቢክሊና ራንቲ የተባሉት ሦስት ወንዞች እዚህ ተገናኝተው የኩዌ ኖይን ወንዝ ይመሠርታሉ፤ የቀድሞዋ ከተማም የተቆረቆረችው በዚሁ መገናኛ ዳር ነበር።

ይሁን እንጂ ወረዳውን በታሪክ ያስጠራው ከወንዞቹ ይልቅ በድንበሩ ላይ ያለው የተራራ ማለፊያ፣ የሦስቱ ፓጎዳዎች በር ነው። ለበሩ ስም የሰጡት ነጫጭ ፓጎዳዎች ትናንሽ ስለሆኑ ዝናቸውን ሰምቶ የሚመጣ እንግዳ ቅር መሰኘቱ አይቀርም። የበርማው ንጉሥ ታቢንሽዌቲ እ.ኤ.አ. በ1548 ወደ አዩታያ የዘመተው ግን በዚህ በር ነው። ንጉሥ ቦዳውፓያ በ1785 በየአቅጣጫው ካሰለፋቸው ሠራዊቶች አንደኛው በዚሁ አልፎ፣ በካንቻናቡሪ አጠገብ ላትያ በተባለው ሜዳ ላይ ተገትቷል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የባንኮክ ነገሥታት ይህን ድንበር እንዲጠብቁ የሾሟቸው የአካባቢው ተወላጆች የሆኑትን የካሬን ሕዝብ አለቆች ሲሆን፣ የማዕረግ ስማቸውም ፍራ ሲ ሱዋን ኪሪ ይባል ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ጦር ወደ በርማ የሚወስደው የባሕር መንገድ አደገኛ ስለሆነበት፣ 415 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ በዚሁ በር በኩል ለመዘርጋት ወሰነ። ሥራው በ1942 ተጀምሮ፣ ከሁለቱ አገሮች የተነሡት ሐዲዶች በጥቅምት 1943 ከበሩ በስተደቡብ ኮንኮይታ ላይ ተገናኙ። በዚያው ዓመት ከሲንጋፖር ወደ ሶንግካሊያ አካባቢ ከተላኩት 7,000 የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ምርኮኞች መካከል ከ3,000 በላይ የሚሆኑት በኮሌራ፣ በረሃብና በድካም አልቀዋል። የምርኮኞቹ መቃብር ዛሬ በሥርዓት ተጠብቆ ይገኛል። ከበርማ፣ ከማላያና ከጃቫ የመጡት የእስያ ሠራተኞች ቁጥር ከምርኮኞቹ እጅግ የበዛ፣ ሟቾቻቸውም እጅግ የበዙ ሆነው ሳለ፣ አብዛኞቹ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ የላቸውም። ሐዲዱም ቢሆን በድንበሩ አካባቢ ከጦርነቱ በኋላ ተነቅሏል።

በርማ በ1948 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በተነሣው የእርስ በርስ ውጊያ ምክንያት የሞን ብሔረሰብ ተወላጆች ድንበሩን እየተሻገሩ መጡ። ከእነርሱ መካከል ሉዋንግ ፖ ኡታማ የተባሉት መነኩሴ ይገኙበታል። እኒህ አባት በ1950ዎቹ በወንዞቹ መገናኛ አጠገብ የዋንግ ዊዌካራምን ገዳም መሠረቱ፤ ስደተኛውም በገዳሙ ዙሪያ መንደር ሠራ።

በ1984 በቶንግ ፋ ፉም ወረዳ የተሠራው የካኦ ላም ግድብ (ከ2001 ወዲህ ቫጂራሎንግኮርን የሚባለው) ውሃ ሲያቁር የቀድሞዋ ከተማ፣ መንደሩና ገዳሙ ተዋጡ። ኤሌክትሪኩ ለአገሪቱ ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የሸለቆው ነዋሪ ነው። ከሁሉም ይልቅ የከበደው በሞኖች ላይ ነበር፤ ብዙዎቹ የታይላንድ ዜግነት ስላልነበራቸው በሕግ የሚጠይቁት መሬት አልነበራቸውም። መጠጊያ ያገኙት እንደገና በገዳሙ ጥላ ሥር ነው። ገዳሙ ወደ ኮረብታው ሲዛወር አብረው ወጥተው በሶንግካሊያ ማዶ ሰፈሩ፤ አዲሲቱ የወረዳ ከተማ ደግሞ በወዲህኛው ዳር ተሠራች።

ሁለቱን ዳርቻዎች ለማገናኘት በመነኩሴው አነሣሽነት በ1980ዎቹ ረጅም የእንጨት ድልድይ ተሠራ። መነኩሴው በ2006 አረፉ። ድልድዩን በሐምሌ 2013 ደራሽ ጎርፍ መካከሉን ሰብሮት ነበር፤ በ2014 ተጠግኖ ዳግመኛ ተከፍቷል። በበጋ ሐይቁ ሲጎድል የአሮጌው ገዳም ግድግዳ ከውሃው ይወጣል፤ ሰዎችም በእግራቸው ገብተው ይሳለሙታል።