ከአርባ ልጆች እስከ ሥራ ፈቃድ

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም ከሚያድጉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ጋር ተገናኙ። በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሹ አስፈቅደው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድም ሆኑ። ከተሜው «አርባ ልጆች» አላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ዜማውም እስከ አብዮቱ ድረስ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ።

ልጆቹ የተጠለሉት በንጉሣዊ ፈቃድ፣ የኖሩት ግን በሙያቸው ነው።

ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የአፍሪካ መሪዎች የአህጉሪቱን የስደተኞች ስምምነት አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። ቀደም ሲል የወጣው ዓለም አቀፉ የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አቋሙና በመሳሰለው ምክንያት እንዳይሳደድ የሚሰጋን ሰው ነበር። የአዲስ አበባው ግን ከወረራ፣ ከባዕድ አገዛዝና የሕዝብን ሰላም ክፉኛ ካናጋ ሁከት የሸሸውንም ጨመረ። ሆኖም ተቀባይ አገሮች ለጸጥታ ሲሉ ስደተኞችን ከድንበር ራቅ አድርገው እንዲያሰፍሩም አዘዘ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የጄኔቫውንም ስምምነት ተቀበለች። ይሁን እንጂ አራት ድንጋጌዎችን «እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አልቀበልም» በሚል አቋም ለየቻቸው። ከእነዚህ አንዱ ስደተኛ ተቀጥሮ እንዳይሠራ የሚጣሉ ገደቦችን የሚያነሳ ሲሆን፣ ሌላው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ይመለከታል።

በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ጅጅጋ አካባቢ ሲፈስ የዚህ አቋም ትርጉም በግልጽ ታየ። ሐርትሼክ ሜዳ ላይ ከዓለም ግዙፍ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ በቀለ፤ ውኃውም በቦቴ ይመላለስ ነበር። በሩ ለማንም አልተዘጋም። የገባው ሰው ግን እርሻና ደመወዝ ሳይሆን ራሽን ጠባቂ ሆነ።

የ1996ቱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 409 ይህንኑ በጣቢያ የማኖር አሠራር ሕግ አደረገው፤ ስደተኛው የት እንደሚኖር የሚመለከተው የመንግሥት ባለሥልጣን ሊወስን ይችል ነበር። በ2002 ዓ.ም. መንግሥት፣ የሚደግፋቸው ዘመድ ያላቸው ኤርትራውያን ከጣቢያ ውጪ እንዲኖሩ ፈቀደ። ከተማ መኖር ተፈቀደ እንጂ የሥራ ፈቃድ አልተሰጠም፤ ብዙዎችም ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ኖሩ።

መስከረም 2009 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ መንግሥት ስለ ስደተኞች ዘጠኝ ቃል ገባ። በኢንዱስትሪ ፓርኮች ከሚፈጠረው 100 ሺህ የሥራ ዕድል 30 በመቶው ለስደተኞች እንደሚሆን ከቃሎቹ አንዱ ነበር። አገሪቱ ያን ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን አስጠልላ ነበር፤ አብዛኞቹም ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ናቸው። ቃሉ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1110 ሕግ ሆነ። ስደተኛው የመንቀሳቀስ፣ የመቀጠር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈትና መንጃ ፈቃድ የማውጣት መብት አገኘ።

የመቀጠር መብቱ ግን ከዜጋ ጋር እኩል አይደለም። አዋጁ ስደተኛውን የሚያስተካክለው የተሻለ መስተንግዶ ከሚደረግለት የውጭ ዜጋ ጋር ነው፤ ስለዚህ ፋብሪካ ደጃፍ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሥራ ፈቃዱን ነው። ከዜጋ እኩል የሚታየው ለስደተኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች በጋራ በተነደፉ ፕሮጀክቶች ውስጥ ሲሠራ ነው።