ዘግይቶ የሚመጣ የማኮብኮቢያ ለውጥ

ዘግይቶ የመጣ የማኮብኮቢያ ለውጥ የሚባለው፣ አውሮፕላን ወደ መዳረሻው ተቃርቦ መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ ነፋስ በመዞሩ ወይም መንገድ ለማሳጠር ሲባል፣ አስቀድሞ ከተወሰነው ማኮብኮቢያ በተለየው እንዲያርፍ ከበረራ ተቆጣጣሪ የሚሰጠው ትእዛዝ ወይም የሚቀርበው ምርጫ ነው። በዘመናዊ አውሮፕላን የመንገዱ ሥርዓት ሁሉ በበረራ አመራር ኮምፒዩተር ተጽፎ አውቶፓይለቱ እርሱን ስለሚከተል፣ ለውጡ በመጣ ጊዜ ከአብራሪዎቹ አንዱ አቀርቅሮ አሮጌውን ይሰርዛል፣ አዲሱን ይጽፋል፤ ባልንጀራው ደግሞ የተጻፈውን ከካርታው ጋር ሊያመሳክር ይገባዋል። ጊዜ ሲጠብ አስቀድሞ የሚቀረው ግን ይኸው ማመሳከር ነው።

ለዚህ ዋና ምስክር የሚሆነው፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1995) በኮሎምቢያ፣ በካሊ ከተማ አቅራቢያ የወደቀው የአሜሪካን አየር መንገድ በረራ 965 ነው። ይህ ቦይንግ 757 ከማያሚ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ የተነሣ ሲሆን፣ ከተማዋን አልፎ በመመለስ ከደቡብ በኩል በማኮብኮቢያ 01 ለማረፍ ተሰናድቶ ሳለ፣ ተቆጣጣሪው ከሰሜን በቀጥታ በ19 ማረፍ ይችሉ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ አብራሪዎቹም ተቀበሉ። ሸለቆው በረጃጅም ተራሮች የታጠረ፣ ሌሊቱም ጨለማ ነበር፤ የአካባቢው ራዳር በ1992 (እ.ኤ.አ.) በሽምቅ ተዋጊዎች ስለ ፈረሰ፣ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑ ያለበትን ማየት አልቻለም። አስቀድሞ «ወደ ካሊ በቀጥታ» ብለው በመጻፋቸው ኮምፒዩተሩ በመካከል ያለውን የቱሉዋን ነጥብ ሰርዞት ስለ ነበር፣ ሊያልፉበት የሚገባውን ምልክት በማሳያው ላይ ፈልገው አጡት። ከዚያም ሮዞ ወደተባለው የሬዲዮ ምልክት ለመሄድ «አር» የሚለውን ፊደል ብቻ አስገቡ፤ ሮዞ ግን በኮምፒዩተሩ የመረጃ ማኅደር የተመዘገበው በሙሉ ስሙ ስለ ነበር፣ መሣሪያው በቦጎታ አጠገብ ያለውን ሮሜዮን አቀረበላቸው፤ ሳያመሳክሩም አጸደቁት። አውሮፕላኑ የተባለውን በትክክል ፈጽሞ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ መውረዱንም አላቋረጠም። ስሕተቱን ተረድተው ቢመለሱም ተራራ በመካከል ገብቶ ነበር፤ የመሬት መቃረብ ማስጠንቀቂያው በጮኸ ጊዜ ሞተሮቹን በሙሉ ኃይል ቢያሠሩም፣ በክንፎቹ ላይ የተዘረጋውን የፍጥነት መግቻ ሳያጥፉት ቀሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ41 ገደማ ከተራራው ጋር ተጋጩ፤ ከ163 ሰዎች የተረፉት 4 ብቻ ናቸው።

የኮሎምቢያ መርማሪዎች ከምክንያቶቹ መካከል የዝግጅት ጉድለትን፣ አውቶማቲኩን በአግባቡ አለመጠቀምንና፣ አቀራረቡ አደገኛ መሆኑ ከታየ በኋላ አለማቋረጥን ቈጥረዋል። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ይመስለናል፤ አዲሱን ማኮብኮቢያ «አንችልም» ብሎ መመለስ፣ በአየር ላይ እየዞሩ መቆየትን መጠየቅ፣ ወይም ኮምፒዩተሩን ትቶ በሬዲዮ ምልክቶች ብቻ መብረር በአዛዡ አብራሪ ሥልጣን ውስጥ ነበርና። የዩናይትድ ስቴትስ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም በ2000 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ፣ የአውሮፕላኑን ቦታና አካሄድ በማኅደሩ ካለው የመሬት ካርታ ጋር እያነጻጸረ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ እንዲገጠም አዘዘ።