ብረት የታጠቀ ግንብ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ ይፋግ ይደርሳል። ዛሬ መንገደኛ በመኪና መስኮት አይቷት የሚያልፋት ይፋግ፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የሲራራ ነጋዴ የሚጎርፍባት፣ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከእሷ አለፍ ብሎ፣ እንፍራዝ አጠገብ፣ የጉዛራ ግንብ አለ። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት ይነገራል። ድንጋይና ኖራ ነው እንጂ ግንበኞቹ በሆዱ ብረት አልቀበሩም። ጎንደር ከተማ ያሉት የአፄ ፋሲልና የተከታዮቻቸው ግንቦችም እንደዚያው ናቸው።

ብረቱን ያመጣው ሌላ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው አትክልተኛ ጆሴፍ ሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1867 ሲሚንቶ ውስጥ ሽቦ ቀብሮ የአበባ ገንዳ ሠራና የፈጠራ መብት አወጣበት። ነገሩ ከአበባ ገንዳ ወደ ድልድይና ፎቅ አደገ። እኛ ዘንድ ስሙ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ «አርማታ» ማለት «የታጠቀ» ማለት ነው። በአማርኛም «ብረት ያዘ» ስንል ታጠቀ ማለታችን አይደል?

ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጣሊያን ጎንደርን የአስተዳደር ማዕከል አድርጎ ሲኒማ ቤትና ፖስታ ቤት ገነባ። እጁንም ወደ ቤተ መንግሥቱ ግንቦች ዘረጋ፤ በሲሚንቶና በአርማታ ጠገናቸው። ግንቦቹ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ግን የባለሙያዎቹ ፍርድ ሌላ ነበር፤ ይህ ለጥንቱ ግንብ አይስማማም ተባለ፣ በኋላ የተደረጉት እድሳቶችም ወደ ኖራው ተመለሱ።

ለምን? እስቲ ነገርን ከሥሩ እንየው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው። ያው አየር ግን ለአርማታ ጠላት ነው። አዲስ ሲሚንቶ ፌሮውን በቀጭን መከላከያ ያለብሰዋል። አየሩና እርጥበቱ ዓመት በዓመት ወደ ውስጥ ሲገባ ያ መከላከያ ይጠፋል፣ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይገፋል፣ ሲሚንቶውን ይሰነጥቃል፣ ይልጠዋል። የደጋ ክረምትና የበጋ ፀሐይ ሲፈራረቁበት፣ ብረቱን የሸፈነው ሲሚንቶም ስስ ሲሆን፣ በሽታው ይፈጥናል።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ስንጥቁን ልስን እንመርግበታለን፣ ቀለም እንቀባዋለን። በዓሉ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ! በጄኖቫ የሞራንዲ ድልድይ በ1967 እ.ኤ.አ. ተመርቆ እስከ 2018 ቆሞ ነበር። ሲሚንቶ የሸፈነው ብረት ውስጥ ውስጡን እየተበላ ኖሮ በነሐሴ ወር ተደርምሶ 43 ሰው ገደለ። አርማታን ለጎንደር ያስተማረው አገር ራሱ ተቀጣ።

ትክክለኛው ጥገና ከልስን ይጀምራል ብላችሁ እንዳታስቡ። በመዶሻ ይመታል፤ ባዶ የሚያስተጋባው ቦታ ተልጧል። ይቆረቆርና ፌኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ ይረጫል፤ ሮዝ ከሆነ ሲሚንቶው ጤነኛ ነው፣ ቀለም ካልያዘ መከላከያው አልቋል። ከዚያ ከብረቱ ጀርባ ድረስ ይፈለፈላል፣ ብረቱ እስኪነጣ ይፋቃል። ብዙ የተበላው በአዲስ ይደገፋል ወይም ይተካል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በጥብቅ ድብልቅ የሚሞላው። አድካሚ ነው፣ ውድ ነው፣ ሲያልቅም ምንም እንዳልተሠራ ይመስላል። ለምርቃት አይመችም!

ባሕር ዳር ላይ አሮጌውን የአባይ ድልድይ የሚያግዝ አዲስ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ደስ ይላል። ግን ከይፋግ እስከ ደብረ ታቦር ባሉ ወንዞችና ከተሞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገሉ ትናንሽ ድልድዮች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ሁሉ በአዲስ አይተኩም። ለእነሱ የሚያስፈልገው በየጥቂት ዓመቱ መዶሻ ይዞ የሚያንኳኳ ሰውና ለቀለም ከተያዘው በጀት ቀደም ብሎ ለጥገና የተያዘ በጀት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን አርማታ አያውቁም ነበር፤ ምክራቸው ግን ለአርማታም ይሠራል።