በሰሃራ ባሕር የመፍጠር ሃሳብና የከርሰ ምድር ውኃ

በዓለም ትልቁ ሞቃታማ በረሃ የሆነው ሰሃራ ሁልጊዜ ደረቅ ምድር እንዳልነበረ የሥነ ምድር ጥናቶች ያረጋግጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት /ዩኔስኮ/ እ.ኤ.አ በ2005 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው የግብጽ "የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ" በአሸዋ መካከል ተጋልጠው የሚታዩት አጽሞች አካባቢው ከ40 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በባሕር ተሸፍኖ እንደነበር ይመሰክራሉ።

ከ7 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ደግሞ የቻድ ሐይቅ ከ300 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ውኃው ጨዋማ ያልሆነ የውስጥ ባሕር ነበር። ዝናቡ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ ሐይቁ እየሸሸ ሄዶ የቀድሞ ወለሉ የተወሰነ ክፍል ዛሬ የአቧራ መነሻ ሆኗል።

ሰሃራን ዳግም ባለ ውኃ ለማድረግ ከቀረቡት ሃሳቦች መካከል ሰፊ ትኩረት ያገኘው ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ፍራንሷ ኤሊ ሩዴር እ.ኤ.አ በ1874 ያቀረበው ነው። ሩዴር በአልጄሪያ የቅየሳ ሥራ ሲያከናውን "ሾት" በመባል ከሚታወቁት ሰፋፊ ጨዋማ ረባዳ ስፍራዎች አንዳንዶቹ ከባሕር ወለል በታች መሆናቸውን ተገነዘበ። ስፍራዎቹ በጥንት ጸሐፍት የተጠቀሰው የትሪቶን ባሕር ቅሪት ናቸው ብሎም አመነ።

በመሆኑም በቱኒዚያ ከሚገኘው የጋቤስ ባሕረ ሰላጤ ቦይ በመቆፈር የሜዲትራኒያንን ውኃ ወደ ረባዳዎቹ ማስገባት እንደሚቻል ገለጸ። ከሚፈጠረው ባሕር የሚነሳው ትነት ዝናብ ሆኖ ይዘንባል፣ በረሃውም ወደ እርሻ መሬት ይለወጣል የሚል ተስፋም ነበረው። የስዊዝ ቦይን ሥራ የመሩት ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስም ሃሳቡን ደግፈዋል።

ይሁንና ቀጥሎ የተካሄደው ልኬታ እንዳሳየው በአልጄሪያ የሚገኘው ሾት ሜልጊር ከባሕር ወለል እስከ 40 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ ለባሕሩ ይበልጥ የሚቀርበውና ከሁሉም የሚሰፋው ሾት ኤል ጀሪድ ከባሕር ወለል በላይ ነው። ይህም ቦዩ ከታሰበው እጅግ የረዘመ እንዲሆን የሚያስገድድ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የፈረንሳይ መንግሥት ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ1882 ወጪው ከሚገኘው ጥቅም ጋር እንደማይመጣጠን በማመልከት ዕቅዱን ሳይቀበለው ቀርቷል። ሩዴርም ከሦስት ዓመት በኋላ ሕይወቱ አልፏል።

ቦዩ ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ በረሃው ይለማ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ የአገራችን የዳናኪል ረባዳ ምድር ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። ከ100 ሜትር በላይ ከባሕር ወለል በታች ዝቅ ያለው ይህ ስፍራ በጥንት ዘመን በቀይ ባሕር ውኃ ተጥለቅልቆ እንደነበር በዳርቻው የሚገኙት የዛጎል ድንጋዮች ያሳያሉ። የባሕሩ መግቢያ ሲዘጋ ውኃው በትነት አልቆ የቀረው ግን ለም መሬት ሳይሆን ጨው ነው። ለዘመናት በግመል እየተጓጓዘ በአሞሌነት እንደ ገንዘብ ያገለገለውም ይኸው ጨው ነው።

በሰሃራ ረባዳዎችም የሚሆነው ከዚህ የተለየ አይሆንም። መውጫ በሌለው ስፍራ የገባ የባሕር ውኃ ሲተን ጨውን ትቶ ስለሚሄድ፣ የቀረው ውኃ ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል። የባሕር መኖር ብቻውንም ዝናብ አያመጣም። የቀይ ባሕር ዳርቻዎች ከውኃው ሥር እያሉ በረሃ መሆናቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ከዚህ ባሻገር የጨው ውኃው ወደ ታች ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውኃ ሊበክል ይችላል።

ለአካባቢው ሕዝብ የሕልውና ጉዳይ የሆነውም ይኸው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያና በሊቢያ ሥር ከ1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የጋራ ክምችት ይገኛል። አብዛኛው ውኃ የተጠራቀመው ሰሃራ ዝናባማ በነበረባቸው ዘመናት ነው። እ.ኤ.አ በ1970 በዓመት 600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የነበረው ከክምችቱ የሚወጣው ውኃ እ.ኤ.አ በ2000 ወደ 2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ደርሷል። በተፈጥሮ የሚተካው ግን በዓመት 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ብቻ እንደሆነ ይገመታል።

በዚህ ሳቢያ በደቡብ ቱኒዚያ የቴምር አትክልቶችን ለዘመናት ያጠጡ የተፈጥሮ ምንጮች ደርቀዋል። ገበሬዎችም ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር እየሳቡ ለማጠጣት ተገደዋል፤ ይህም ወጪያቸውን ከመጨመሩም በላይ ክምችቱን ይበልጥ ያራቁተዋል።

ችግሩን ለመቋቋም ሦስቱ አገሮች መቀመጫውን ቱኒዝ ባደረገው የሰሃራና ሳህል ታዛቢ ድርጅት አማካይነት መረጃ የሚለዋወጡበትና የሚመካከሩበት የጋራ አሠራር ዘርግተዋል። ቁጠባን የሚያበረታቱ የጠብታ መስኖ ዘዴዎችም በተለያዩ ስፍራዎች ሥራ ላይ ውለዋል።

ሰሃራን በባሕር ውኃ የማልማት ሃሳብ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎታል። የበረሃው ነዋሪ ዕጣ የሚወሰነው ግን ከሩቅ በሚመጣ ባሕር ሳይሆን፣ ከጥንቱ ዝናብ የተረፈውን ውኃ ጎረቤት አገሮች በቁጠባ ተካፍለው ለመጠቀም በሚያሳዩት ቁርጠኝነት ነው።